ፈተናው የፌዴራል፣ ትምህርት ቤቱ የወረዳ

የበጀቱ ሰው፦ ወሬያችንን ከ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና እንጀምረው። ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በዓመቱ 3.2 ሆነ፤ ቀጥሎ 5.4። እንግዲህ ይህ የማን ውድቀት ነው? ፈተናውን የሚያወጣው ፌዴራል ነው። መምህሩን የሚቀጥረውና ደመወዝ የሚከፍለው ወረዳ ነው። የመምህራን ኮሌጁ የክልል፣ ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል። ሥርዓተ ትምህርቱ ከላይ ይወጣል፤ ጠመኔው ከታች ይገዛል። ውጤቱ የተነገረ ሰሞን ጥፋቱ የጋራ ነው ተባለና ታለፈ። ስንት ዓመት በጀት ስንሠራ ያየሁት ነገር ቢኖር የጋራ የተባለ ጥፋት ከማንም ደመወዝ እንደማይቆረጥ ነው።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ያንን ውጤት በምን እንዳወቅነው አይርሱ እንጂ። ከዚያ በፊት ልጆቹ በየትምህርት ቤታቸው፣ በሚያውቋቸው መምህራን ፊት ይቀመጡ ነበር፤ ፈተናው ይሰረቃል፣ መልሱ በስልክ ይዞራል። በ2015 መጀመሪያ ተፈታኞቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲገቡ ነው እውነቱ የወጣው። የሚያስተምረውና የሚፈትነው አካል አንድ ቢሆን ኖሮ ጉዱ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ሥልጣን ለሁለት መከፈሉ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ሌላውን መዘነው።

የበጀቱ ሰው፦ መዘነው፤ ከዚያስ?

መምህርቷ፦ ከዚያማ ያልበቁት በየዩኒቨርሲቲው የማካካሻ ትምህርት ተሰጣቸው፤ ትምህርት ቤቶችን ለማደስ «ትምህርት ለትውልድ» የሚባለው ንቅናቄ ተጀመረ።

የበጀቱ ሰው፦ ሁለቱም ከላይ የመጡ ናቸው፤ አየሽ? አንደኛው ልጁ ከትምህርት ቤቱ ከወጣ በኋላ የሚደርስለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ መዋጮ ነው። ገበሬው የመሬት መጠቀሚያውንና ግብሩን ከፍሏል፤ አሁን ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ ደግሞ ያዋጣል። ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት የወረዳ ነው ተብሎ ወረዳው ግን መጠገኛ የለውም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

መምህርቷ፦ ወረዳው ባዶ እጁን ነው ለማለት ግን ታሪኩን መርሳት ያስፈልጋል። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በፊት በነበሩት ማእከላዊ መንግሥታት የትምህርት ጉዳይ የሚወሰነው አዲስ አበባ ላይ ነበር። ሕገ መንግሥቱ መከላከያን፣ የውጭ ጉዳይን፣ ገንዘብና ብሔራዊ ባንክን፣ ክልሎችን የሚያገናኙ መንገዶችን ለፌዴራል ሰጠ፤ በጤናና በትምህርት ደግሞ አገር አቀፍ መመዘኛ ማውጣትን። በግልጽ ያልተሰጠውን ቀሪ ሥልጣን በሙሉ በአንቀጽ 52 ለክልል ተወው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆች በአፍ መፍቻቸው ፊደል የቆጠሩት፣ ገበሬ በራሱ ቋንቋ ፍርድ ቤት የቆመው በዚህ ነው። በ1994 ደግሞ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ጥቅል በጀት በቀጥታ ወደ ወረዳ ወረደ። ከዚያ በፊት ገንዘቡ በክልል ቢሮዎች ተሸንሽኖ ነበር የሚመጣው፤ የጤናው ለብቻ፣ የግብርናው ለብቻ። ከዚያ ወዲህ ግን የወረዳው ምክር ቤት ተቀምጦ ይህን ያህል ለትምህርት፣ ይህን ያህል ለውኃ ብሎ ማጽደቅ ቻለ።

የበጀቱ ሰው፦ በዚህ እንኳ ሰው ሲሳሳት አይቻለሁና ላብራራው። ጥቅል በጀት ሲወርድ ከላይ የበጀት ጣሪያ አብሮት ይመጣል። ወረዳው በመጀመሪያ የሚያደርገው ፔሮሉን ማስላት ነው፤ መምህራን፣ የጤና ሠራተኞች፣ የግብርና ባለሙያዎች። እነዚህን ማባረር አይችልም፤ ደመወዛቸውንም የሚወስነው እሱ አይደለም። ከዚያ የተረፈችውን ለሥራ ማስኬጃ ያደላድላል፤ ወረቀት፣ ነዳጅ፣ አበል። ካፒታል በጀት የምትባለው አንዳንዴ ለአንዲት ምንጭ ማጎልበቻ ትበቃለች። እንግዲህ የምክር ቤቱ ሥልጣን ያለው በዚያች በተረፈችው ላይ ነው። ለውሳኔ የቀረበለት ነገር ስለሌለ እጅ አውጥቶ ያጸድቃል።

በ2017 የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲስተካከል ዝቅተኛው እርከን ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። ሠራተኛው ይገባዋል፤ ኑሮው ከዚያም በላይ ነው የሄደው። ነገር ግን ወሳኙ ማን ነበር? ፌዴራል። በየወሩ መጨረሻ ፔሮል ላይ ፈርሞ የሚከፍለውስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 94 ላይ እያንዳንዱ የራሱን ኃላፊነት ወጪ ይሸፍናል ይላል። ጥሩ። የአንዱ ውሳኔ የሌላውን ወጪ ሲያንረውስ? እዚያ ላይ ዝም ነው።

መምህርቷ፦ ዝም አላለም፤ መልሱ ድጎማው ነው። በ2016 በጀት ዓመት ፌዴራሉ ካጸደቀው 801 ቢሊዮን ብር ውስጥ 214 ቢሊዮኑ ለክልሎች የተመደበ ነው። ከአራት ብር አንዱን ያልፋል። ያውም በልመና የሚሰጥ አይደለም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያወጣው ቀመር ነው። ቀመሩ የክልሉን የወጪ ፍላጎትና ራሱ ሊሰበስብ የሚችለውን ገቢ አይቶ ልዩነቱን ለማጥበብ ይሞክራል። ሀብታሙ ክልል ድሃውን ይደግፋል ማለት ነው። ይህ ባይኖር የአፋርና የጋምቤላ ትምህርት ቤት ከምን ይከፈት ነበር?

የበጀቱ ሰው፦ ድጎማው ለምን እንዳስፈለገም አብረሽ አስረጂ። አንቀጽ 96ንና 97ን ጎን ለጎን አድርጎ ላነበበ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ጉምሩክና የወጪ ገቢ ቀረጥ ለፌዴራል፤ የፌዴራሉ የልማት ድርጅቶች ግብር ለፌዴራል። ለክልል የተተወው የገበሬው ግብር፣ የመሬት መጠቀሚያው፣ የግለሰብ ነጋዴው፣ የክልሉ ሠራተኛ የደመወዝ ግብር። የተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ሥራ ላይ ሲውል ሕገ መንግሥቱ ስሙን ያልጠራው ግብር ነበር፤ አዋጁን ያወጣው ግን ፌዴራል ነው። የሚበዛው ሥራ ታች፣ የሚበዛው ገንዘብ ላይ። ለረጅም ዓመታት አብዛኞቹ ክልሎች ከበጀታቸው ከግማሽ የሚበልጠውን የጠበቁት ከአዲስ አበባ ነው። ሰጪው ሲቆጣ የማይፈራ ተቀባይ አለ?

መምህርቷ፦ እንዲህ ያለው ጉድለት የኛ ብቻ አይደለም። ጉምሩክን ለየክልሉ የሚሰጥ አገር ብዙም የለም፤ ቢሰጥማ ሞያሌና ጋላፊ ላይ ሁለት ሁለት ኬላ ይቆም ነበር። ጥያቄው ገንዘቡ ከላይ መምጣቱ አይደለም፣ ሲመጣ ምን ሠራ ነው። ስለዚህ በሠራው ልመልስልዎ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመደቡ። ከዚያው ከአካባቢው የወጡ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። ደመወዛቸውን የሚከፍለው ወረዳው ነው። በተባበሩት መንግሥታት ግምት በ1982 ከአንድ ሺህ ሕፃናት 204ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2004 ወደ 68 ወርዷል። ኢትዮጵያ የሚሊኒየሙን የሕፃናት ሞት ግብ ከቀጠሮው ሦስት ዓመት ቀድማ መታች። ወረዳ የሚባል ደመወዝ ከፋይ ባይኖር ያቺ የጤና ሠራተኛ ቀበሌ ውስጥ ትቀመጥ ነበር? ሚኒስቴሩ አዲስ አበባ ሆኖ 30 ሺህ ሴቶችን መቆጣጠር ይችል ነበር?

የበጀቱ ሰው፦ ይህን ልነካብሽ አልፈልግም፤ ሥራው ሥራ ነው። ግን ያመጣሽው ምሳሌ ለኔ ነው የሚመሰክረው። ፕሮግራሙን የነደፈው ማን ነው? ጤና ጥበቃ። የጤና አገልግሎት ጥቅሎቹን፣ 16ቱን፣ ያዘጋጀው? ጤና ጥበቃ። በየቀበሌው ሁለት ይሁኑ ያለው? እሱው። ክትባቱና መድኃኒቱ በለጋሾች ገንዘብ ከላይ ነው የመጣው። ወረዳው የተጠየቀው ደመወዝ እንዲከፍልና ሪፖርት እንዲልክ ነው። ሽንት ቤት ስንት ተቆፈረ፣ እናት ስንት በጤና ጣቢያ ወለደች፤ ሁሉም ኮታ ነበረው። የኛ ሰው «አቅጣጫ ወርዷል» ይል የለ? ያ የታላቅ ማእከላዊ መንግሥት ስኬት ነው፤ አንቺ የፌዴራሊዝም ብለሽ መዘገብሽው።

መምህርቷ፦ እሺ፤ ከላይ ያልመጣ ልንገርዎ። የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር። የመጀመሪያውን የሰጠችው ትግራይ ናት፣ በ1990 እና 91 አካባቢ፤ ፌዴራሉ ስለ ደብተር ገና ሳይደነግግ። በጥቂት ዓመት ልዩነት አማራ ክልል ተከተለ፤ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው እንዲሰፍር አደረገ። ኦሮሚያና ደቡብ ቀጠሉ። የሠሩት በቀበሌ ኮሚቴ፣ በገመድና በሽማግሌ ምስክርነት፣ በጣም በትንሽ ወጪ ነው፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ሚሊዮኖች ደብተር ያዙ። ደብተርን የደነገገው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በ1997 ነው፤ ክልሎቹ ከሄዱ በኋላ። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ሊነጥቃት የመጣውን ዘመድ ያቺን ደብተር አውጥታ የምትመልሰው ስለዚህ ነው። ከማእከል ቢጠበቅ ኖሮ ጥናቱ አላለቀም እየተባለ እስካሁን ይቆይ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

የበጀቱ ሰው፦ ይሄ ጥሩ ነው። እውነቴን ነው፤ ይሄን መመለስ ይከብዳል።

መምህርቷ፦ ተቀበሉኝ ማለት ነው?

የበጀቱ ሰው፦ ቀስ በይ። መሬት ካነሳሽ ከገበሬው ማሳ አልፈሽ ቆላ ውረጂ። ያው ሕገ መንግሥት፣ ያው አንቀጽ 52፣ መሬት የሚያስተዳድረው ክልል ነው ይላል። ከ2001 አካባቢ ጀምሮ ግን 5,000 ሄክታርና ከዚያ በላይ የሆነውን የእርሻ መሬት ለባለሀብት የሚሰጠው የፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር ሆነ። እንዴት? ክልሎች በውክልና ሰጡት ተባለ። አንቺ የሕግ መምህር ነሽ፤ ክልል ሥልጣኑን ወደ ላይ መወከል ይችላል?

መምህርቷ፦ አንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 9 ፌዴራሉ ለክልሎች ሊወክል እንደሚችል ይናገራል። ከታች ወደ ላይ ስለሚደረግ ውክልና የሚለው ነገር የለም። ብዙ የሕግ ሰዎች ያኔውኑ መሠረት የለውም ብለው ጽፈዋል፤ እኔም እንደዚያው ነው የማስተምረው።

የበጀቱ ሰው፦ ሆኖም ተደረገ። በ2003 ጥቅምት ካሩቱሪ የሚባለው የህንድ ኩባንያ ጋምቤላ ውስጥ 100 ሺህ ሄክታር ለ50 ዓመት ተኮናተረ፤ ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር። ውሉን የፈረመለት ሚኒስቴሩ ነው። በ2008 ውሉ ሲቋረጥ ሚኒስቴሩ የሰጠው ምክንያት ኩባንያው ያለማው 1,200 ሄክታር ብቻ መሆኑን ነበር። ጋምቤላ መሬቱ የራሱ፣ ዜጋው የራሱ፣ ጫካው የራሱ፤ ፊርማው ግን የሌላ። ለምን አሻፈረኝ አላለም? ሊል ስለማይችል ነው። ክልሉን የሚመራው ፓርቲ የኢሕአዴግ አጋር ነበር፤ ሊቀ መንበሩ የሚገመገመው በኢሕአዴግ ሰዎች ነበር። ሕገ መንግሥቱ ለክልል የሰጠውን ግምገማ ሲወስደው አየን።

መምህርቷ፦ ታዲያ ጥፋተኛውን ራስዎ ጠቀሱ እኮ፤ ፓርቲው ነው። በአንድ ፓርቲ ዲሲፕሊን የተያዘ ፌዴሬሽን ፌዴራሊዝም ሳይሞከር እንደቀረ ነው የሚቆጠረው። ያልተሞከረን ነገር ደግሞ አልሠራም ማለት አይቻልም።

የበጀቱ ሰው፦ አትቆጪኝና፣ ይህ ሶሻሊዝምም ሲወድቅ የተባለ ነው፤ በትክክል አልተሞከረም ተባለ። ሰላሳ ዓመት ለሙከራ አይበቃም?

መምህርቷ፦ ተሞክሯል ከተባለም ሙከራው ሁለት ገጽ አለው። ፓርቲው የሁሉም መሪ በነበረበት ዘመን ክልልና ፌዴራል ሲጣሉ ጠቡ በፓርቲ ቢሮ ነበር የሚያልቀው፤ ሕግ አላስፈለገም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት የሚወስን አዋጅ እንኳ አልወጣም፣ እስከ 2013 ድረስ። አዋጅ ቁጥር 1231። ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ 26 ዓመት በኋላ! በዚያው በ2013 በጥቅምት የትግራዩ ጦርነት ተጀመረ። ቀደም ሲል የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫውን መራዘም አጽድቋል፣ ትግራይ ለብቻዋ መርጣለች፣ ምክር ቤቱ ያንን ምርጫ እንዳልተደረገ ቆጥሮታል። ሁለቱም ወገን ሕገ መንግሥት ጠቅሰው ነበር የሚናገሩት። የሚነጋገሩበት መድረክ ሳይኖር ሥልጣን መከፋፈል የሚያመጣው መዘዝ ምን እንደሆነ ከዚህ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ይህን የምናገረው ፌዴራሊዝሙን ለመጣል አይደለም። የጎደለውን አውቆ ለመሙላት ነው።

የበጀቱ ሰው፦ በትልቁ ስትይው ጦርነት ነው። በትንሹ ደግሞ ማዳበሪያ ነው፤ ያንን ስለማውቀው ልናገር።

ማዳበሪያ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የፌዴራል ሥራ። ለገበሬው በዱቤ ይሰጣል። ባንኩ ለገበሬው አያበድርም፣ መያዣ የለውማ፤ ስለዚህ ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ በበጀቱ ዋስ ይሆናል። ዱቤውን የሚያከፋፍለውና የሚሰበስበው የወረዳና የቀበሌ ሰው ነው። በ1994 በቆሎ እጅግ በመመረቱ ዋጋው ወደቀ፤ ገበሬው አጭዶ ለመሸጥ የሚያወጣው ወጪ እንኳ አልተመለሰለትም። ዕዳውን ከየት ይክፈል? ባንኩ ወደ ዋሱ ሄደ፤ ከክልሉ ድጎማ ላይ ተቀነሰ፤ ክልሉ ከወረዳው ላይ ቀነሰ። በዚህ መሀል ጥፋት ያለበትን ሰው ፈልጊና አምጪልኝ! ይህ የድሮ ታሪክ እንዳይመስልሽ። በ2015 እና በ2016 በደቡብ አንዳንድ ዞኖች መምህራን ለወራት ደመወዝ ሳያገኙ ሲቀሩ ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ ያው የማዳበሪያ ዕዳ ነው። የማዳበሪያው ዕዳ መጨረሻው የሒሳብ መምህሩ ኪስ ሆነ። መምህሩ ክፍል አልገባም። ልጁ ያን ሒሳብ አልተማረም። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ተወስዶ ሲፈተን ወደቀ፤ እኔና አንቺም 3.3 በመቶ እያልን እንጨቃጨቃለን።

መምህርቷ፦ ይህን ሰንሰለት እንዲህ ተቀጣጥሎ አስቤው አላውቅም። ግን ጋሼ፣ እስካሁን የተናገሩት ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይወስዳል፤ ትምህርት ቤቱም ደመወዙም ወደ ፌዴራል ይመለስ ወደሚል። እንደዚያ ነው የሚሉት?

የበጀቱ ሰው፦ ኧረ በጭራሽ! መምህሩ ሲቀር የሚያየው ማን ነው? ከባሕር ዳር የሚያይ የለም፤ አዲስ አበባማ ይብሳል። የምለው ሥራውን ከሰጠኸው ገንዘቡንም በመብት ስጠው ነው። በጎ ፈቃድ ከሆነ ሥልጣን አይባልም። ኬንያዎችን ተመልከቺ። በፈረንጆች በ2010 ባወጡት ሕገ መንግሥት ለ47ቱ ካውንቲዎች ከአገሪቱ ገቢ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲሰጥ ቁጥሩን ራሱን ጽፈውታል። ፓርላማው ሊጨምር ይችላል እንጂ ከዚያ አያወርድም። በኛ ሕገ መንግሥት ውስጥ እንዲህ ያለ ወለል የለም፤ ለወረዳማ ጭራሽ። ወረዳ ምን ሥልጣን እንዳለው እንኳ አይዘረዝርም። አንቀጽ 50 ንኡስ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል፤ «በቂ» ስንት እንደሆነ የሚወስነው ግን ክልሉ ነው። ክልል በፌዴራል ላይ የሚያቀርበውን አቤቱታ ወረዳም በክልል ላይ ማቅረብ ይችላል፤ ቃል በቃል።

መምህርቷ፦ ኬንያን ካመጡ የኬንያን ሐኪሞችም ያምጡ። መንግሥት ከማኅበራቸው ጋር የደመወዝ ስምምነት የተፈራረመው በፈረንጆች በ2013 አጋማሽ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጤናው ወደ ካውንቲዎች ተዛወረ። ካውንቲዎቹ እኛ አልፈረምንም አሉ፤ ማእከላዊው መንግሥት ሐኪሞቹ የኔ አይደሉም አለ። በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 መጨረሻ ሐኪሞቹ ሥራ አቁመው መቶ ቀን ቆዩ። 15 በመቶው እዚያው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ነበር፤ በሽተኛውን ግን አላከመውም። ቁጥር መጻፍ ብቻውን አይበቃም ማለቴ ነው፤ ሥራና ገንዘብ በአንድ ቀን መሸጋገር አለባቸው፤ ቀጣሪው ማን እንደሆነም አስቀድሞ መታወቅ።

ሌላም አለ። የወረዳ ድርሻ በመብት ይሁን ሲሉ አዳማ አጠገብ ያለውን ወረዳና አፋር በረሃ ያለውን በአንድ ወለል ላይ ያቆማሉ። አንዱ ፋብሪካ አለው፣ ነጋዴ አለው። ሌላው ግመል ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ሕዝብ ነው ያለው፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ መንቀሳቀስ አለበት። እኩል ድርሻ ለእኩል ያልሆነ ወጪ ድሃውን ይጎዳዋል። በጎ ፈቃድ የሚሉት ቀመር ቢያንስ ይህን ለማየት ይሞክራል።

የበጀቱ ሰው፦ ወለል ማለት እኩል ማለት አይደለም። ወለሉ ከክልሉ በጀት ለወረዳዎች በጠቅላላ የሚደርሰው ነው፤ በመካከላቸው በቀመር ይከፋፈሉት። ይህን ለማድረግ ደግሞ የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት መንካት አያስፈልግም። ክልሎች የየራሳቸው ሕገ መንግሥት አላቸው፤ ምክር ቤታቸው ተሰብስቦ ሊያሻሽለው ይችላል። አሥራ ሁለት ክልሎች አሉ። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ደቡብና ማእከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 መጨረሻ ሲመሠረቱ አዲስ ሕገ መንግሥት ጻፉ፤ ባዶ ወረቀት ነበራቸው። የማእከል ከተማ የት ይሁን ለሚለው የፈሰሰው ጉልበት ሩቡ ለዚህ ቢውል ጥሩ ነበር።

መምህርቷ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ከእርስዎ የምለየው በቅደም ተከተሉ ነው። ወለሉ ተጻፈ እንበል። ገንዘቡ ለየትኛው የወረዳ ምክር ቤት ነው የሚሰጠው? የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጡት በሚያዝያ 2005 ነው። ያኔ 3.6 ሚሊዮን ከሚያህሉት ወንበሮች ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉንም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙ፤ ተቃዋሚዎች አብዛኞቹ አልገቡበትም ነበር። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ፤ በ2013 የተመረጡት የተወካዮችና የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፣ ወረዳው ቀረ። በ2005 ያልመረጠ፣ አሁን ሰላሳ ዓመት የሆነው ጎልማሳ የወረዳውን ምክር ቤት በሕይወቱ አንድ ጊዜም መርጦ አያውቅም። ውድቀቱ የማን ነው ብለው ጠየቁኝ እኮ። ያልተመረጠ ምክር ቤት ሀብት በመብት ቢሰጠው የክልሉ ቅርንጫፍ ሆኖ ነው የሚያወጣው።

የበጀቱ ሰው፦ እኔ ደግሞ ገንዘብ የሌለውን ምክር ቤት ሰው ለምን ብሎ ይመርጣል እላለሁ። በ2005 ብዙ ቦታ አንድ እጩ ነበር የቀረበው፤ የሚከራከሩበት ነገር ስለሌለ። አዝዤበት የማላውቀውን በጀት ላጸድቅ ብሎ የሚወዳደር ብርቱ ሰው አታገኚም። መጀመሪያ የሚያጣላ ገንዘብ ይኑር፤ ተፎካካሪው በራሱ ይመጣል።

መምህርቷ፦ የሚያጣላውን ገንዘብ ሊያከፋፍሉ ሲነሡስ በምን ቁጥር? ቀመሩ የክልሉም የወረዳውም ያለ ሕዝብ ብዛት አይሠራም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ ይደረግ ይላል። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ተቆጥሯል። የ1999ኙ ውጤት ሲቀርብ የአማራ ክልል ቁጥር ከተተነበየው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አንሶ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ጥያቄ አስነሥቷል፤ ያ ጥያቄ በበጀት ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። አራተኛው ቆጠራ ተራዘመ፤ እንደገና ተራዘመ። ስለዚህ ዛሬ ገንዘብ የሚከፋፈለው በትንበያ ነው፤ በ1999 ያልተወለደ ልጅ አሁን 12ኛ ክፍል ተፈትኗል።

የበጀቱ ሰው፦ ቆጠራውን የሚያደርገው ፌዴራል ነው፤ ምርጫውን የሚያስፈጽመውም ምርጫ ቦርድ። እንግዲህ ሁለቱም ከላይ ናቸው፤ ክልሎች እነዚህን እስኪያገኙ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ ልትይኝ ነው?

መምህርቷ፦ አይቀመጡ፤ ይጠይቁ። የክልል ምክር ቤቶች የወረዳውን ድርሻ በየሕገ መንግሥታቸው ይጻፉ፤ እርስዎ እንዳሉት። በተመሳሳይ ጊዜ የአካባቢ ምርጫ ቀን እንዲቆረጥ ለምርጫ ቦርድ፣ የቆጠራ ቀን እንዲቆረጥ ለተወካዮች ምክር ቤት በጽሑፍ ያቅርቡ። የወረዳ በጀት በየጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ የተለመደ ነበር፤ ሐምሌ ላይ ወረዳው ደጃፍ የሚያልፍ ወላጅ ቆም ብሎ ለትምህርት የተመደበው ስንት እንደሆነ፣ ከዚያ ውስጥ ከደመወዝ የተረፈው ስንት እንደሆነ ይመልከት። ካልተለጠፈም ገብቶ ይጠይቅ።